ግጥም፣ ማሲንቆና እስክስታ በአንድ መድረክ፦ ማን መቼ ዝም ይበል?

ገጣሚ፣ ማሲንቆ፣ ከበሮና እስክስታ አብረው መድረክ ሲወጡ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የሚያበላሸው የችሎታ ማነስ አይደለም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ። ገጣሚው ከከበሮው በላይ ለመሰማት ይጮኻል፣ ከበሮ መቺው ገጣሚው ሲጮህ የሞቀ መስሎት ይጨምራል፣ ተወዛዋዦቹ ከበሮው ሲጨምር ይነሳሉ፣ ተመልካቹ ደግሞ ትከሻ እያየ ቃሉን ይጥላል። አዝማሪ ቤት ውስጥ ይህ ችግር ብዙም አይታይም። ግጥሙን የሚፈጥረው፣ ደጋኑን የሚስበውና ትከሻውን የሚሰብቀው ያው አንድ ሰው ስለሆነ መቼ ምን ዝም እንደሚል የሚወስነውም አንድ ጭንቅላት ነው። መድረክ ላይ ግን ያ ውሳኔ ለስምንትና ለዘጠኝ ሰው ይበተናል። ስለዚህ በጥናት ጊዜ አስቀድሞ ሊቆረጥ ይገባዋል።

እዚህ የምናየው አንድ ገጣሚ፣ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮና አራት ተወዛዋዦች ያሉበት የ20 ደቂቃ ዝግጅት ነው። ሰው ቢያንሳችሁ መጀመሪያ ዋሽንቱን፣ ቀጥሎ ክራሩን ቀንሱ። ማሲንቆውን አትንኩ፤ የሰውን ድምፅ ተከትሎ መንሸራተትና መጠበቅ የሚችለው እሱ ነው።

ከግጥሙ ጀምሩ፤ ቀለም ቁጠሩ

ሙዚቃው ተመርጦ ግጥም ሲፈለግለት ግጥሙ ለምቱ ሲባል ይቆራረጣል። ግጥሙን አስቀድማችሁ ምረጡና እያንዳንዱን ስንኝ በጣት ቁጠሩ። የሚቆጠረው በአፍ የሚሰማው ቀለም ነው። አናባቢ ያጣ ሳድስ ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር ስለሚዋጥ ራሱን ችሎ አይቆጠርም። «ቢሉት» በጽሑፍ 3 ፊደል ነው፣ በአፍ ግን ቢ–ሉት፣ 2 ቀለም። «በተስማማ» 5 ፊደል ሆኖ 4 ቀለም ይወጣዋል።

የወል ቤት የሚባለው የግጥም ልክ 6 በ6 ነው (በየግማሽ ስንኙ 6)፣ ስንኙ 12 ቀለም። ሰንጎ መገን 5 በ5። ቡሄ በሉ 4 በ4። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የሚጠራው ጸጋዬ ቤት ደግሞ 8 በ8 ሆኖ እስከ 16 ይዘልቃል። ቁጥሩ ከመጽሐፍ እውቀትነት ያለፈ ጥቅም አለው፤ የትኛው ግጥም ከበሮ እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ለምሳሌ ይህን መንቶ (ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም) ውሰዱ፦

ጠጁ መረረና ቤቱ ሙሉ ታማ፣
አሁን ማር ቢሉት ግን ሁሉም በተስማማ።

ሁለቱም ስንኞች 6 በ6 ናቸው። ሰሙ የጠጅ ማር ነው። ወርቁ ለተቀየመ ሰው የሚባለው «ማር!»፣ ይቅር በል የሚለው ትእዛዝ ነው። ህብረ ቃሉ (ሁለቱን ትርጉም የያዘው ቃል) የሁለተኛው ስንኝ 3ኛ ቀለም ላይ ተቀምጧል። በጥናት ወረቀታችሁ ላይ ይህን ቃል በቀይ ክበቡት፤ ከበሮው የት እንደሚቆምና ትከሻው የት እንደሚነሳ የሚወስነው ይህ ቃል ነው።

ምቱን ከስንኙ ጋር ማግባባት

እስክስታ በብዛት የሚወዛወዝበት ጭክጭካ ባለ 6/8 ነው፦ በእያንዳንዱ ባር (እየተደጋገመ በሚሄደው የምት ክፍል) ውስጥ ስድስት ትንንሽ ምት፣ በሦስት በሦስት ተከፍሎ ሁለት ትልቅ ምት። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በትልቁ ምት በደቂቃ 120 ላይ አድርጉት። አንድ ባር አንድ ሰከንድ ይሆናል፣ ሒሳቡም ይቀላል።

በዚህ ፍጥነት የወል ቤት ግማሽ ስንኝ (6 ቀለም) ሁለት ባር ላይ ይቀመጣል። ሙሉ ስንኙ አራት ባር፣ መንቶው ስምንት ባር፣ ማለትም 8 ሰከንድ ይሆናል። በሰከንድ 3 ቀለም ማለት ነው፤ ቃሉ ሳይታኘክ ይሰማል። ሰንጎ መገን በየግማሽ ስንኙ አንድ ቀለም ስለሚያንስ መጨረሻው ላይ ለጭብጨባ የሚሆን ክፍተት ይተዋል፤ ተመልካች አብሮ እንዲያጨበጭብ የምትፈልጉበት ቦታ ላይ እሱን አስገቡ።

ጸጋዬ ቤት ግን በዚህ ምት አይሆንም። 8 ቀለም በ2 ሰከንድ ሲጨመቅ በሰከንድ 4 ይሆናል፣ የሳድሶቹ ድምፅ እርስ በርሱ ይዋጣል፣ ተመልካቹም ዜማውን ብቻ ይዞ ይቀራል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ምቱን ወደ 80 አውርዱት (ግማሽ ስንኙ 3 ሰከንድ ያገኛል)፣ አለዚያም ከበሮውን ጨርሶ አስወጥታችሁ በማሲንቆ ብቻ ያለ ምት አንብቡት። ሁለተኛው ይሻላል። ረጅም ስንኝ ገጣሚው በትንፋሹ የሚመዝነው ነው፤ ከበሮ ሲገባበት ሰልፈኛ ይመስላል።

አሁን ወደ መንቶው። ከበሮው የመጀመሪያውን ስንኝ አራት ባር ይመታና «ታማ» ላይ ይቆማል። ሁለተኛው ስንኝ በማሲንቆ ብቻ፣ ያውም በአንድ ረጅም የደጋን ስበት ላይ ይነገራል። ገጣሚው «አሁን ማር» ብሎ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይይዛል፣ ከዚያ ይጨርሳል። ከጨረሰ በኋላ ሁለት ባር ሙሉ ዝምታ። ይህን ዝምታ ብዙ ቡድን ይፈራዋል፤ ክፍተት መስሎት በክራር ይሞላዋል። ሰው ሰሙን ሰምቶ ወርቁን እስኪያገኝ አንድ ሁለት ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ሳቁና «ይበል!» የሚመጣው ያኔ ነው። ክራር ከገባበት ግማሹ ሰው ወርቁን ሳያገኘው ይቀራል። ከሁለቱ ባር በኋላ ማሲንቆው ደጋኑን አንስቶ ወደ ታች ሲጥል ከበሮው በሰፊው ፊት አንድ ጊዜ «ድም» ይልና አዝማቹ ይነሳል፤ ተወዛዋዦቹም እዚያ ላይ ይገባሉ።

መንቶው 8፣ ዝምታው 2፣ አዝማቹ 8 ሰከንድ፤ ለአንድ ዙር 18 ሰከንድ። አምስት መንቶ አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ከአምስት በላይ በተከታታይ አታድርጉ፤ ተመልካቹ አሠራሩን ያውቀውና መጠበቅ ያቆማል።

ቅኝት

ዋሽንት ተቆርጦ ያለቀ ነገር ነው፣ አይቃኝም፤ ነፊዎች የተለያየ ርዝመት ያላቸው ብዙ ዋሽንቶች የሚይዙትም ለዚህ ነው። ስለዚህ መነሻ ድምፁን ከዋሽንቱ ውሰዱ። ገጣሚው በተለመደ ንግግሩ ሁለት ሦስት ስንኝ እንዲል አድርጉና ድምፁ ከሚያርፍበት አጠገብ የሚወድቅ ዋሽንት ይመረጥ። ከዚያ ማሲንቆው፣ ቀጥሎ ክራሩ ይቃኛል። በተቃራኒው ከሄዳችሁ ገጣሚው ሳይታወቀው ወደ መሣሪያው ድምፅ ይሳብና ንግግሩ እንደ ደካማ ዘፈን ይሆናል።

በዝግጅቱ መሐል ቅኝት መለወጥ ከፈለጋችሁ ቅደም ተከተሉን በጥንቃቄ ምረጡ። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ነው። ሚና ላን በግማሽ ድምፅ ብታወርዱ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ከዚያ ሬን በግማሽ አውርዳችሁ የወረደውን ሚ በአንድ ሙሉ ድምፅ ወደ ፋ ብታነሱ አምባሰል ላይ ናችሁ። ከአምባሰል ደግሞ ሶን በግማሽ አውርዳችሁ የወረደውን ላ በግማሽ ብታነሱ አንቺሆዬ ይወጣል። በእያንዳንዱ ሽግግር የሚነካው ሁለት ክር ብቻ ነው፤ ባለ 6 ክር ክራር ላይ በኦክታቭ (ያው ድምፅ በሌላ ከፍታ) የተደገመው ክር ከሁለቱ አንዱ ከሆነ ሦስት። ወደ ባቲ ግን ከትዝታ ሦስት ድምፅ መለወጥ ስለሚያስፈልግ መድረክ ላይ አትሞክሩት፤ ሁለተኛ ክራር ባቲ ላይ ተቃኝቶ ከጎን ይቀመጥ።

ወደ ላይ የተሳበ ክር ትንሽ ቆይቶ መልሶ ይላላል። ክራር ተጫዋቹ ቅኝት ከለወጠ በኋላ ዳግመኛ የሚያስተካክልበት ግማሽ ደቂቃ ያስፈልገዋል። ያን ጊዜ ለዋሽንት ስጡት። የማሲንቆና የከበሮ ቆዳም በክረምት እርጥበት ይላላል፣ በመድረክ መብራት ሙቀት ይወጠራል። ማሲንቆው መልበሻ ክፍል ተቃኝቶ ከመጣ መብራቱ ሥር ሌላ ድምፅ ላይ ይገኛል። ከመጀመሩ 15 ደቂቃ በፊት መብራቱ በርቶ መሣሪያዎቹ መድረክ ላይ ይቆዩና እዚያው ይቃኙ። ደጋኑ ሙጫ መቀባቱንም እዚያው አረጋግጡ፤ ሙጫ ያነሰው የደጋን ጭራ በማሲንቆው ክር ላይ ይንሸራተታል፣ ረጅሙ ስበትም መሐል ላይ ይቋረጣል።

ትከሻው

እስክስታ ቃልን በምልክት ማሳየት አይደለም። ገጣሚው «ልቤ» ሲል ደረት መንካት፣ «ሰማይ» ሲል እጅ ማንሳት የትምህርት ቤት በዓል ያስመስለዋል። ትከሻው ለቃሉ መልስ ይስጥ፤ ቃሉ ካለፈ በኋላ ይነሳ።

ግጥም ሲነገር ተወዛዋዦቹ እንዲህ ይቁሙ፦ እግር በትከሻ ስፋት፣ ጉልበት ትንሽ ላላ፣ እጅ ወገብ ላይ ወይም ነጠላውን ይዞ፣ ዓይን ገጣሚው ላይ። ዓይናቸው ተመልካቹ ላይ ከሆነ ተመልካቹም እነሱን ያያል። ፊት አይቀዝቅዝ፤ እንደሚሰማ ሰው ፊት ይሁን። ከዝምታው በኋላ «ድም» ሲል መጀመሪያ አንዷ ወይም አንዱ ብቻ ለሁለት ባር ይጀምር፣ ሌሎቹ በሦስተኛው ባር ይግቡ። አራቱም በአንድ ጊዜ ከፈነዱ ለመጨረሻው የሚቀር ነገር አይኖርም።

ሙሉ ኃይል የሚጠይቅ እስክስታ ከ3 ደቂቃ በላይ በተከታታይ አታስወዛውዙ። ትንፋሽ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሄደው የትከሻው ጥራት ነው፤ ሰውነቱ በሙሉ መነቅነቅ ይጀምራል። ተወዛዋዡ ቀጥሎ ተቀባይ ሆኖ የሚዘፍን ከሆነ ቢያንስ 40 ሰከንድ እረፍት ይፈልጋል። «እስ… እስ…» የሚለውን የትንፋሽ ድምፅ አትከልክሉ፤ የምቱ አካል ነው። ገጣሚው ማይክ አጠገብ ግን አይሁን፤ በድምፅ ማጉያ ሲወጣ የተበሳ ጎማ ይመስላል።

የ20 ደቂቃው አካሄድ

እንዴት እየጨመሩ መሄድ እንደሚቻል ለማየት የማኅሌት ሥርዓትን የተመለከተ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በመጀመሪያ በድምፅ ብቻ ይዜማል፣ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፣ ከበሮውና ጸናጽሉ ኋላ ይገባሉ፣ ፍጥነቱም ከዝግተኛው መረግድ ወደ ፈጣኑ ጽፋት ያድጋል። የቤተ ክርስቲያኑን ዜማና ወረብ ወደ ትርዒት መድረክ አምጡ ማለታችን አይደለም፤ ቦታው እዚያው ነው። ከበሮን ማዘግየቱን ግን ተማሩ።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 3 ደቂቃዎች ለዋሽንትና ለአንድ አጭር ግጥም ስጡ፣ በትዝታ፣ ያለ ከበሮ። ቀጥሎ 4 ደቂቃ ረጅሙ ግጥም በማሲንቆ ብቻ። እዚህ ላይ ተወዛዋዦቹ መድረክ ላይ ባይኖሩ ይመረጣል። ከዚያ 2 ደቂቃ ቀረርቶና ፉከራ። ቀረርቶ ያለ ምት የሚሳብ ስለሆነ ማሲንቆው ድምፁን ይከተላል፣ ከበሮ የለም። ፎካሪው «ዘራፍ!» ብሎ ሲነሳ ወደ ፊት ለመንጎራደድ ከ3 ሜትር ያላነሰ ነፃ ቦታ ያስፈልገዋል፤ የሚይዘው ዱላ እንጂ ስለት አይሁን። ፉከራ ላይ ከኋላ እስክስታ ማስገባት ትልቅ ስሕተት ነው። የአንዱ ቁጣ የሌላውን ደስታ ያፈርሰዋል።

ከፉከራው በኋላ ተመልካቹ ሞቋል። አሁን ጭክጭካው ይጀመር፦ 4 ደቂቃ፣ ሁለት ዙር አምስት አምስት መንቶ፣ በመሐላቸው ለአንድ ደቂቃ ያህል ክራርና ከበሮ ብቻ። 4 ደቂቃ ተቀበል። የመጨረሻው 3 ደቂቃ ያለ ቃል፣ ንጹሕ እስክስታ።

ተቀበል

የዝግጅቱ በጣም ሕያው ክፍል ይህ ነው፣ በጣም አደገኛውም። ከተመልካቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው በዜማ ይቀበለዋል። ማሲንቆ ተጫዋቹ ይህን ካልለመደ ሌላ የለመደ ሰው ጋብዙ እንጂ በጥናት እናስተምረዋለን አትበሉ።

ሰጪው ሁለቱን ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ካፈሰሰው ለአዝማሪው ይከብደዋል። መድረክ መሪው አስቀድሞ «ስንኝ በስንኝ» ይበል። አዝማሪው የመጀመሪያውን ስንኝ እየዘፈነ ሁለተኛውን ይሰማል፤ ስለዚህ ከበሮው በዚህ ክፍል በጣት ብቻ፣ በጠባቡ ፊት ይመታ። ግጥሙ ካልተሰማ ወይም ቤት ካልመታ ተቀባዮቹ አዝማቹን አራት ባር ይድገሙ፤ አዝማሪው በዚያች 4 ሰከንድ ያቃናዋል። አዳራሹ ዝም ካለም በመሐል የሚለቀቁ አሥር ያህል የተዘጋጁ መንቶዎች ይኑሩ፤ ለአዳራሹ፣ ለወቅቱ፣ ለመጣው ሰው የሚስማሙ።

ስድብ፣ የሰው ገመና ወይም ብሔር የሚነካ ግጥም መምጣቱ አይቀርም። አዝማሪው የተሰጠውን ሁሉ የመዝፈን ግዴታ የለበትም። ሁለተኛውን ስንኝ አጣሞ ወደ ቀልድ መመለስ የሙያው ጥንታዊ መብት ነው። ማጣመም ካልቻለ ወደ አዝማቹ ይግባና ከበሮው ሰፊውን ፊት ይምታ፤ ሰጪው ድምፁ ይዋጣል፣ ማንም አይዋረድም።

መድረኩና ድምፁ

6 በ4 ሜትር የሆነ መድረክ ይበቃል። ገጣሚው ወደ ፊት በስተግራ፣ ማሲንቆው ከእሱ በ1 ሜትር ርቀት አፉን በሚያይበት አቅጣጫ፣ ከበሮው ከኋላ መሐል፣ ተወዛዋዦቹ በስተቀኝ፣ ለእያንዳንዳቸው 1.5 በ1.5 ሜትር። ከበሮ መቺው የማሲንቆውን ደጋን ማየት አለበት፤ ምልክቱ ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው። ተወዛዋዥ በመሐላቸው ከቆመ ምልክቱ ይጠፋል።

የገጣሚው ማይክ ከአፉ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የማሲንቆው ማይክ ከቆዳው ፊት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ትንሽ ወደ ታች ይዙር፤ ደጋኑ ከሚሳብበት ፊት ለፊት ከሆነ የጭራው ፍትጊያ ከዜማው በላይ ይሰማል። 150 ሰው በሚይዝ አዳራሽ ከበሮ ማይክ አይፈልግም። የማሲንቆ ቆዳ ከሞኒተር (ወደ ተጫዋቾቹ ከዞረው ድምፅ ማጉያ) የሚመጣውን ድምፅ መልሶ ስለሚይዝ ማጉያው ቶሎ ይጮኻል፤ ሞኒተሩን ከማይኩ ጀርባ አድርጉ እንጂ የድምፅ ባለሙያውን አትሳደቡ። የእግር ምት በጣውላው አልፎ በማይክ ማቆሚያው ይገባል፤ ከማቆሚያው ሥር ሁለት ጊዜ የታጠፈ ጋቢ ወይም ጎማ ምንጣፍ ይነጠፍ። በገጣሚው ሞኒተር ውስጥ ማሲንቆና የራሱ ድምፅ ብቻ ይኑር፤ ከበሮው ከገባበት ሳያውቀው ይሮጣል።

ገጣሚው ከስልክ ባያነብ ይሻላል። ብርሃኑ ፊቱን ከሥር ያበራዋል፣ አንገቱም ስለሚደፋ ማሲንቆው አፉን አያይም። በቃል መያዝ ካልተቻለ በደረት ቁመት ማቆሚያ ላይ በትልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ይቀመጥ።

ጥናት

አራት ጊዜ ይበቃል፣ ሁሉም ሰው ግን አራቱንም አይምጣ። መጀመሪያ ገጣሚና ማሲንቆ ብቻ፣ ቀይ ክቦቹን እያዩ። በሁለተኛው ከበሮና ክራር ይጨመሩ፣ መቆሚያዎቹ ይለመዱ። በሦስተኛው ተወዛዋዦች። አራተኛው በመድረኩ ላይ፣ በልብስ፣ በመብራት፣ ያለ ማቋረጥ። ልብሱን ለመጨረሻው ቀን ብቻ አታቆዩት፤ መቀነቱ የላላ ቀሚስና ከትከሻ የሚወርድ ነጠላ በጥናት ካልታዩ በመድረክ ላይ ይታያሉ።

አራተኛውን ጥናት በስልክ ቅዱና ሰዓቱን ለኩ። ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚገኘው ስሕተት የከበሮው መሮጥ ነው፦ በ120 የተጀመረው በአምስተኛው መንቶ 132 ላይ ይገኛል። በዚያ ፍጥነት 8 ሰከንድ የነበረው መንቶ 7.3 ገደማ ይሆናል፤ ትንሽ ይመስላል፣ ገጣሚው ግን «ማር» ላይ የሚይዝባት ግማሽ ሰከንድ ናት የጠፋችው። መቺው በየዝምታው ወቅት የተነሳበትን ምት በእግር ጣቱ ይያዝ።

በውጭ አገር፣ ለምሳሌ በዋሽንግተን ዙሪያ ወይም በቴል አቪቭ ባሉ አዳራሾች፣ ከበሮ መቺ ታጥቶ በኪቦርድ የተቀዳ ምት መጠቀም የተለመደ ነው። ያ ምት አይሮጥም፣ ግን አይጠብቅምም። ኪቦርዲስቱ መንቶው ሲጀመር ምቱ እየሄደ እንዲቆይ ሳይሆን «ታማ» ላይ በቁልፉ እንዲያጠፋውና «ድም» ላይ ከባሩ መጀመሪያ እንዲያስነሳው ይለማመድ። ያ ካልተቻለ መንቶዎቹን በሙሉ ያለ ምት በሉና ምቱን ለአዝማቹና ለእስክስታው ብቻ አስቀሩት።

ሽልማት ደግሞ አለ። ሰው ተነስቶ ብር ግንባር ላይ ሲለጥፍ ማሲንቆው ደጋኑን ማቆም የለበትም፤ ከበሮው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አዝማቹን ይዞ ይቆያል፣ ከተወዛዋዦቹ አንዷ ብሩን ሰብስባ ከመድረኩ ጠርዝ ባለ መሶብ ውስጥ ታስቀምጣለች። ማን እንደምትሰበስብ ከመጀመሩ በፊት ይነገራት፤ ካልተነገረ አራቱም ያጎነብሳሉ።